«ቤት ሙሉ እህል እያለ»

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ነሐሴ 9 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስታችንም ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ክረምት ዘንድሮም ጋቢ በጋቢ ላይ እያስደረበ እንደሆነ አልጠራጠርም። እዚህ ግን ሙቀቱ ለጉድ ነው። ሌሊት እንኳ አንሶላ ይከብዳል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንዳትዪኝ። ባለፈው እሁድ የጀመርነውን ወሬ ሳንጨርሰው ቀረን። የመጨረሻ የሰማሁት ቃልሽ «ቤት ሙሉ እህል እያለ፣ ያቺን ሕፃን ይዛችሁ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ምን ያንከራትታችኋል?» የሚል ነበር። ከዚያ ሚጣ ስልኩን ነጠቀችኝ፣ ቀዩን ነካችው፣ ተቋረጠ። መልሱ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። እህቴ ታንብብልሽ። እየዘለለች እንዳታነብ ግን ንገሪያት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የወጣነው ለሚጣ ብለን አይደለም። ደክሞን ነው። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ማታ ይወጣል። በር ላይ ልጅ እየተቀባበልን የምንኖር ሰዎች ነን። አንድ ላይ ቁጭ የምንለው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት ሽንኩርት ስከትፍና ድስት ስፈትግ ላሳልፋት አልፈለግሁም።

ታዲያ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ይዞ ምግብ ቤት መግባት ማለት፣ እማዬ፣ ጥጃ ይዞ ለቅሶ ቤት እንደ መግባት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄድን። ሚጣ ርቧታል፣ እንቅልፏም መጥቷል። ወረፋ አለ ተባልን፤ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ የልጆች ወንበር አመጡልን። እግሩ ረጅም፣ ከፊት ጠረጴዛ ያለው፣ ልጁን ወገቡ ላይ በቀበቶ የሚያስሩበት። ሚጣ ስታየው ወገቧን እንደ ደጋን ለጠጠችው፤ ሁለታችን ተጋግዘን ማጠፍ አቃተን። እንደ ምንም አስቀመጥናት። ማንኪያውን ወረወረችው፤ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ቀጥሎ ውኃው ተደፋ። ቀጥሎ ለቅሶው መጣ። ለቅሶዋን ታውቂዋለሽ፤ በቪዲዮ ሰምተሽው ስልኩን ከጆሮሽ ያራቅሽው አንቺ ነሽ።

ከጎናችን የነበሩት ባልና ሚስት አስተናጋጁን ጠርተው ወንበር ቀየሩ። ምንም አልተናገሩንም። ምነው በተናገሩኝ! አገር ቤት ቢሆን አንዷ ትነሳና «ኧረ እናቲቱ፣ ወዲህ በያት» ብላ ልጅቷን ትቀበለኝ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ከኋላ መጥቶ ዳቦ ያስይዛት ነበር። እዚህ የሌላ ሰው ልጅ ዝም ተብሎ አይነካም። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ነውር ስለሆነ ነው። ምግቡን በካርቶን አስጠቅልለን ወጣን። መኪና ውስጥ ሚጣ ወዲያው ተኛች፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ለመድን። አሁን የምንሄደው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ገና ባዶ ሳለ። ያን ጊዜ አንቺ ዘንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው እንቅልፍሽ ላይ ነሽ። ጥግ እንይዛለን፤ ትኩስ ሳህን ከሚተላለፍበት የወጥ ቤት በር ራቅ ብለን። ቢላውንና ትኩሱን ነገር ሁሉ ከእጇ እናርቃለን፤ እጇ ደግሞ ከሚመስለው ይረዝማል። የእሷን ምግብ ውኃ እንደቀረበ እናዛለን። የእኛው ሲመጣ በዚያው ሒሳቡን እንጠይቃለን፣ ምክንያቱም ለቅሶዋ የሚፈነዳበት ሰዓት አይታወቅም። ወረቀትና የቀለም እርሳስ ለልጆች በነፃ ይሰጣሉ፤ ግማሹን ትስልበታለች፣ ግማሹን ትበላዋለች። ሲብስባት አንዳችን ውጭ ይዘናት ወጥተን መኪና እናስቆጥራታለን። ሃያ አምስት ደቂቃ ካገኘን ድግስ ነው።

ሌሎቹ ስልክ ሰጥተው ጸጥ ያሰኛሉ። እኔም አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ፣ አትፍረጂብኝ። ሐኪሞቹ ከ18 ወር በታች ላለ ልጅ ስክሪን ባይሰጥ ይመረጣል ይላሉ። የፈቀዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዘመድ ጋር በቪዲዮ ማውራት። ስለዚህ አንቺ በሐኪም የተፈቀድሽ ነሽ።

አባባ መጀመሪያ ምግብ ቤት የወሰዱኝን ቀን ታስታውሻለሽ? አራተኛ ክፍል ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ። አንቺ ቀሚሴን አጥበሽ፣ ፀጉሬን ሠርተሽ ላክሽኝ። አባባ መንገዱን ሙሉ «ከፊትሽ ብቻ ብዪ፣ ትልቅ ሰው ሳይጀምር እጅሽን እንዳትሰጂ» እያሉ አስጠኑኝ። ከፈተናው ይልቅ እሱ ከበደኝ። ጥብስ መጣ፣ ሚሪንዳ መጣ። ከፍርሃት የተነሳ ሚሪንዳውን ደፋሁት። አስተናጋጁ «አይዞሽ» አለና ጠረገው፤ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ ቀዳልኝ። ስንወጣ አባባ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ትተው ተነሱ። እኔ ሆዬ አንስቼ ሮጥኩና «አባባ፣ ረስተውት ነው!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ጉርሻ ነው፣ መልሺ» አሉኝ። አፍ ውስጥ የሚገባው ብቻ ይመስለኝ ነበር ጉርሻ።

አሁን ያን ጉርሻ በሌላ በኩል አውቀዋለሁ። እዚህ እንደመጣሁ ያገኘሁት ሥራ አስተናጋጅነት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ዝርዝሩን ግን አልነገርኩሽም። በዚህ በቨርጂኒያ ለአስተናጋጅ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ቢከፍል ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ከእንግዳ ከሚገኘው ጉርሻ ጋር ተደምሮ መደበኛው ዝቅተኛ ክፍያ ከሞላ። የፌዴራል መንግሥቱ መጠንም ያው 2 ከ13 ነው፣ በፈረንጅ ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ኑሮሽ እንግዳው ጠረጴዛ ላይ በሚተወው ላይ ነው። ልጅ የያዘ ቤተሰብ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሆዴ ይፈራ ነበር፣ አልዋሽሽም። ወንበሩ ሥር ሩዝ ይዘራሉ። ተንበርክኬ እሱን ስለቅም ሌላ ጠረጴዛ ይጠራኛል። አንዳንዱ ይቅርታ ጠይቆ ደህና አድርጎ ይሰጣል። አንዳንዱ ያን ሁሉ አዝረክርኮ አንድ ዶላር ነገር ትቶ ይወጣል።

ለዚህ ነው አሁን እኔ ከወንበሯ ሥር የወደቀውን ራሴ የምለቅመው። ባለቤቴ «ተይው፣ ሥራቸው ነው» ይለኛል። ሥራቸው እንደሆነማ ከእሱ በላይ አውቃለሁ። ሰው እዚህ ከሒሳቡ 15፣ 20 በመቶ ይተዋል፤ ሚጣን ይዤ የሄድኩ ቀን ከዚያም አልፋለሁ። የአባባን ሳንቲም ያነሳሁበት ዕዳ አለብኝ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ። ባለፈው እሁድ፣ ከአንቺ ጋር ካወራን በኋላ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደን ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ በየዓይነቱ አዘዝን። ሚጣ ምስር ወጡ ስለሚያቃጥላት ክክ አልጫውንና ድንቹን ትወዳለች። እዚያ ቤት የልጅ ወንበር ማን ያስታውሳል! አስተናጋጇ ገና ስታየን «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ» ብላ ነጠቀችን፤ ይዛት ወጥ ቤት ገባች። አሥር ደቂቃ ልጃችን የት እንዳለች ሳናውቅ እጃችን ነፃ ሆኖ በላን። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ! ከዚያ እንጀራ ጨብጣ፣ ግንባሯ ላይ ሽሮ ተለቅልቃ ተመለሰች።

ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻውን ተቀምጧል። ሚጣ ስታየው ቆየች። ድንገት ከትሪው ላይ እንጀራ ቆረሰች፣ አልጫ አስነካች፣ እጇን ወደሱ ዘረጋች። እኔ ደንግጬ ልይዛት ስል ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። ጎረሰ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አቀረበችለት። እሱንም ጎረሰ። አገልድሞ እንደተቀመጠ የመንዝ ሽማግሌ አገጩን በመዳፉ ጠርጎ ሳቀ። ጉርሻ ማን እንዳስተማራት ታውቂያለሽ? በቪዲዮ ስክሪኑን ታጎርሺ አልነበር፣ «እንኪ፣ አፍሽን ክፈቺ» እያልሽ? ከዚያ የተማረችው ነው።

እና እማዬ፣ የጥያቄሽ መልስ ይኼ ነው። ቤት እህል አለ፣ እውነትሽን ነው። ሰው ግን የለም። አንቺ ቤት እኔን ስንቱ ነው ያጎረሰኝ? ጎረቤት፣ አክስት፣ እንጨት ይዛ የመጣች ሴትዮ ሳትቀር። ሚጣ ከእኔና ከአባቷ እጅ ሌላ የምታውቀው እጅ የላትም። ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ስማቸውን አላውቅም፤ ሦስት ዓመት ኖረን። ይዣት የምወጣው ሰው ፍለጋ ነው። ያሳፍረኛል እንዲህ ስልሽ፣ ግን እንደዚያ ነው።

ስለ ላክሽው ነገር ደግሞ። በሶውን ሚጣ ወዳዋለች፤ በውኃ በጥብጬ ትንሽ ወተት ጨምሬ ነው የምሰጣት፤ ጺም አውጥታ ትጠጣዋለች። ቆሎው ግን ለእሷ አይሆንም። ሐኪሟ እስከ 4 ዓመቷ ድረስ ጠጣር ፍሬ እንዳትሰጫት ብላኛለች፤ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ። መንጋጋዋ ገና ስላልበሰለ አትፈጨውም፣ የአየር ቧንቧዋ ላይ ይቀራል። ወይን እንኳ በቁመቱ ለአራት ቆርጬ ነው የማበላት። የሐበሻ ምግብ ቤት ለዚህ ያስፈራኛል፤ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው በያለበት ነው፣ እሷም ከእኔ ፈጥና ነው የምታየው። ማሩን ሰባት ወር እያለች ልከሽው አልሰጠኋትም ነበር፣ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ከዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም፤ ማር ውስጥ የሚገኝ የጀርም ዘር አለ፣ የሕፃን አንጀት አይችለውም፣ ሰውነት ያሽመደምዳል። ዓመት ከሞላች በኋላ ቀመሰችው። እኛን ምን ሆናችሁ እንዳትዪኝ እንጂ፣ እኛማ ቅቤና ማር ልሰን ነው ያደግን።

ጥር ላይ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ እንመጣለን። አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ እንዳትቆጪኝ። ሁላችሁንም ጭኜ ደብረ ሲና ምሳ ልጋብዛችሁ ነው። ጣርማ በርን አልፈን፣ ጣልያን የሠራውን ዋሻ በመኪና ገብተን፣ ወደ ሙቀቱ ወርደን። እኔ ልጅ ሆኜ ዋሻው ውስጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማልፈው፤ ሚጣ ምን እንደምታደርግ ማየት አለብኝ። አንቺ ምግብ ቤት መብላት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። ሥጋውን ማን እንዳጠበው አይታወቅም ትያለሽ። ግድየለም፣ የራስሽን ድርቆሽ በአገልግል ያዢ፣ ቦታውን እኛ እንከፍላለን። የልጅ ወንበር እዚያ ላይኖር ይችላል፤ አንቺ ጭን ላይ ትቀመጣለች። ብትጮህ ደግሞ አንቺ ነሽ የምታባብያት፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ትኩስ ወጥ ልብላ።

ለአባባ ግንባራቸውን ሳሚልኝ። እህቴን ብርድ ልብሱ ደርሶኛል በያት፤ ለሚጣ አልጋ ልክ ነው።

የምትወድሽ ልጅሽ

ማስታወሻ፦ ቆሎ አይሆንም ያልኩት ለሚጣ ነው። ያንን ሙሉውን ከረጢት እኔ በሁለት ሳምንት ጨርሼዋለሁ። ይቺ ደብዳቤውን ያመጣችልሽ ልጅ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ሦስት ኪሎ ቦታ አላት፣ ጠይቄያታለሁ። ሱፉን በዛ አድርጊበት።