ደብተር ዘግቶ ማጥናት

ለአዘጋጁ፦

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ሌሊቱን በቡና እየገፉ መቸከል የተለመደ ነው። ያው አንድ ምዕራፍ አምስቴ ይነበባል። ገጹ ዓይን ሲለምደው የገባን ይመስለናል። የሚሸውደንም እሱ ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንን በተማሪዎች ላይ ፈትነው ነበር። ጽሑፉን አራት ዙር ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን 40 በመቶ ያህሉን ብቻ አስታወሱ። አንድ ዙር አንብበው፣ ሦስት ጊዜ ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉት ደግሞ 61 በመቶ።

ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም በቃል መጠያየቅ ይቻላል። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችም መልካም ናቸው፣ መልሱን አስቀድሞ የማየት አመል ካልተጣባን። ብዙ ልጆች ጥያቄውን ትተው የመልሱን ፊደል ይሸመድዳሉ፤ የዘንድሮ ፈተና ያንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ይመስል!

መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ስላለፈው ሳምንት ትምህርት ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን። ማርክ አይያዝበት። ማርክ ካለበት ልጆቹ መኮራረጅ ይጀምራሉ።

የተማሪ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ