የዓድዋ ፈረሰኛ ድርሻ በሚገባ ይነገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዓድዋን ድል በዓል ምክንያት በማድረግ ያወጣችኋቸውን ጽሑፎች እዚህ አዳማ ሆኜ በጥሞና ተከታትያለሁ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ስለ እቴጌይቱና ስለ መኳንንቱ የተጻፈው ሁሉ የሚገባ ነው፤ ይሁንና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በየሸለቆው ሲጋልብና ሲዋጋ የዋለው ተራ ፈረሰኛ ከአንዲት ዐረፍተ ነገር በላይ ቦታ አለማግኘቱ አሳዝኖኛል። አባ ዳኘው (ምኒልክ)፣ አባ ነፍሶ (ባልቻ)፣ አባ መቻል (ሀብተ ጊዮርጊስ) እያልን መሪዎቹን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሕዝብ ፈረሰኛውን ራሱን መዘንጋት አይገባንም።

ያ ሰው ፈረስ ከመንግሥት እየታደለው የሚዘምት ወታደር አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ፈረሱን፣ ኮርቻና ልጓሙን፣ ጋሻና ጦሩን አሰናድቶ የሚወጣው ከገዛ ቤቱ ነበር። ወረኢሉ ላይ ከትቶ፣ መቀሌን አልፎ፣ ዓድዋ እስኪደርስ ወራት የፈጀውን መንገድ አቅም ያለው በበቅሎ ሲጓዝ፣ የጦር ፈረሱን አሽከሩ ሳይጭነው እየሳበ ይከተለው ነበር፤ ፈረሱ ለውጊያው ቀን ጉልበቱን ሳይጨርስ መድረስ ነበረበትና። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት በየንግግራችን የምናነሣ ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው፤ በዚያ ዘመን የምታደርሰው በቅሎ ነበረች፣ ፈረሱማ ተዋጊ ነበር። ዓድዋ ከተደረሰ በኋላም የሠራዊቱ ስንቅ እያለቀ፣ የአካባቢው ሣር በዚያ ሁሉ እንስሳ እየተራቆተ ሲሄድ፣ ፈረስን ከነጉልበቱ ማቆየት ራሱን የቻለ ተጋድሎ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

በውጊያው ዕለት የጣሊያን ብርጌዶች በሌሊት ጉዞ ተለያይተው ስለ ነበር፣ በመካከላቸው የተከፈተው ክፍተት ለፈረሰኛው የተመቸ ሆነ። የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ፣ አብዛኞቹ የኦሮሞ ተወላጆች የሆኑ ፈረሰኞች ከእግረኛው ጋር ሆነው ከበው አጠቁት፤ ጄኔራሉም በዚያው ወደቀ። የሸሸውን ጦር ተከታትሎ መልሶ እንዳይሰለፍ ያደረገውም በተለይ ፈረሰኛው ነው። ይህን ሁሉ የፈጸመው በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱንና ቀጥሎ ያለውን ጣት ብቻ በሚይዝ ትንሽ የእርካብ ቀለበት ላይ ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ጋሻ በሌላው ጦር ይዞ እንደነበረ ለተማሪዎቻችን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

ለአዳማ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ማዶ ያለው የአርሲ ፈረሰኛ ከምኒልክ አጎት ከራስ ዳርጌ ሠራዊት ጋር ለዓመታት ተፋልሞ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ የተሸነፈው ጀግንነት አንሶት ሳይሆን በእጁ የያዘው ጦር ጠመንጃን መመከት ስላልቻለ ነው። የፈረሰኛ ታሪክ በእውነት ይነገር ከተባለ ይህም ሳይሸሸግ አብሮ መነገር አለበት። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ፈረሰኛው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ገጠመው፤ ከዚያ በኋላ በየጫካው ለአርበኝነት የወጡት ግን፣ ለምሳሌ ገረሱ ዱኪ አባ ቦራ፣ የፈረስ ስማቸውን እንደ ያዙ ተዋግተዋል።

እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን በግላስ አስጊጦ የአባቶቹን ተጋድሎ ያስባል። በእኛ ከተማና በዙሪያዋም የፈረሰኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙ ናቸው፤ በየቤቱም ኮርቻ፣ ጋሻና የቃል ታሪክ አይጠፋም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ከመጪው የካቲት በፊት ለዚህ ጉዳይ አንድ ቋሚ ዓምድ ከፍቶ፣ ቤተሰቦች አባታቸው ወይም አያታቸው ከየት እንደ ዘመተ፣ ከማን ጦር ጋር እንደ ተሰለፈና ፈረሱ ማን ይባል እንደነበረ ጽፈው እንዲልኩ እንዲጋብዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚያስታውሱት አረጋውያን ዕድሜያቸው ገፍቷልና ጥሪው ባይዘገይ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ አንባቢያችሁ