ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም፣

ሰሞኑን «ለሱቅ ዕቃ ሽያጭና ቆጠራ ባርኮድ ይሻላል ወይስ አርኤፍአይዲ?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶኛል። ባርኮድ በብርሃን ነው የሚነበበው። ስካነሩ መስመሮቹን ማየት አለበት፤ ዕቃውም አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው። አርኤፍአይዲ ግን ዕቃው ላይ በሚለጠፍ ታግ (ትንሽ ቺፕ ያለበት መለያ) በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ካርቶኑን ሳትከፍቱ ውስጡ ያሉትን 50 ሸሚዞች በአንዴ ሊቆጥርላችሁ ይችላል።

ታዲያ ሁላችንም አርኤፍአይዲ እንግዛ? እኔ አይመስለኝም። ብረትና ፈሳሽ ሞገዱን ይረብሹታል። ዘይት፣ ውኃና በቆርቆሮ የታሸገ ቲማቲም ለምትሸጡ ባርኮድ ይበቃል። ደግሞም ብዙ የፋብሪካ ዕቃ ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ ታትሞበት ነው የሚመጣው፤ የአርኤፍአይዲ ታግ ግን ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ገዝታችሁ መለጠፍ አለባችሁ። ልብስና ጫማ በብዛት የያዛችሁ፣ ቆጠራ ቀናት የሚፈጅባችሁ ግን ብታስቡበት ጥሩ ነው።

ባርኮድ ለምትመርጡ አንድ አደራ አለኝ። ርካሽ ነው ብላችሁ የሌዘር ስካነር አትግዙ። ኪውአር ኮድ አያነብም፤ ከስልክ ስክሪን ላይ ማንበብም ያስቸግረዋል። ቱዲ የሚባለውን፣ በካሜራ የሚያነበውን ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በወሩ ሌላ ገዛሁ።

ዕቃው ላይ በምትለጥፉት የባርኮድ ወረቀት (ሌብል) ላይም ተጠንቀቁ። ያለ ሪባን (ቀለም የተቀባ ጥቅል) በሙቀት ብቻ የሚታተመው ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። መደርደሪያችሁ መስኮት ጋ ከሆነ በሪባን የሚያትም ፕሪንተር ውሰዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሻጩ ፊት አስነብቡት።