ተማሪው ብቻ ነው እንዴ ሥርዓት የጎደለው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ተማሪው ሰልፍ ይጥሳል፣ ምግብ ይደፋል፣ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል ይላል። ውሸት ነው አልልም። ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ዘሏል፤ ሕጉ ለምን እንደወጣ ለተማሪው የነገረው ሰው የለም። ግድግዳው ላይ «ክልክል ነው»፣ «ክልክል ነው»፣ «ክልክል ነው» ተለጥፏል፤ በቃ። ምክንያቱ ያልተነገረ ሕግ ደግሞ የሚከበረው ጠባቂው ዞር እስኪል ነው።

እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ በትርፍ ሰዓቴ ካፌ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ሳህን በሚመለስበት መስኮት በኩል። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

በጭልፋ ልጀምር። ሰው ራሱ አንሥቶ በሚበላበት ካፌ እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ጭልፋ አለው። አንዱ ይመጣና በችኮላ የዚህኛውን ጭልፋ እዚያኛው ውስጥ ይከተዋል፣ ምን ችግር አለው ብሎ። ችግሩማ፣ ኦቾሎኒ ካለበት ሶስ የወጣ ጭልፋ አጠገቡ ካለው አትክልት ውስጥ ሲገባ፣ አለርጂ ያለባት ልጅ ተራዋ ደርሶ አትክልቱን ስታነሣ በዓይኗ የምታየው ምንም ነገር የለም። የምታውቀው ጉሮሮዋ ማበጥ ሲጀምር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ምግብ አቅራቢዎች የግድ ማሳወቅ ያለባቸው የአለርጂ መነሻዎች 14 ናቸው፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥን ጨምራ 9 አድርሳለች። የትኛው ምግብ ውስጥ የትኛው እንዳለ የምትነግረን ምግቡ ፊት ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ናት፤ እሷም የምትታመነው ጭልፋው ቦታውን ከጠበቀ ብቻ ነው። ሳኒታይዘር መቀባትም አያድንም፤ አልኮል ጀርም ቢገድልም ኦቾሎኒውን ከእጅ ላይ አያነሣውም። ታዲያ «ጭልፋ መቀያየር ክልክል ነው» ከማለት «ሰው ሊሞት ይችላል» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ለሁለተኛ ጊዜ ስትነሡ አዲስ ሳህን ያዙ የሚለውም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው አጣቢዎቹን ለማድከም የወጣ ሕግ ይመስለዋል። የተበላበት ሳህን ምራቅ ነክቶታል፣ ጭልፋው ሳህኑን ይነካል፣ ከዚያ ተመልሶ የሁሉም ሰው ምግብ ውስጥ ይገባል። ከምግቡ በላይ ያለችው መስታወትም ለጌጥ አልተሠራችም፤ ስናስነጥስና ስናወራ የሚረጨውን ለመያዝ ነው። ከሥሯ አንገቱን አስገብቶ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ግን አንድ ቀንም ጠፍቶ አያውቅም።

እጅ መታጠብ ላይ ስመጣ ንዴቴ ወደ ኃላፊዎቹ ይዞራል። ብዙ ሰው አብሮ በሚበላበት ቦታ ቶሎ የሚዛመት «ኖሮቫይረስ» የሚባል አለ፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። አልኮል እሱን በደንብ አይችለውም፣ የሚያዋጣው ሳሙናና ውኃ ነው። ታዲያ በር ላይ ያለው መታጠቢያ ሳሙና አልቆበት ሳምንት ሲሞላው ሥርዓት የጎደለው ማነው?

ተማሪ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ምግብ ይዞ መውጣት መከልከሉን ነው። ምክንያቱ አንደኛ ገንዘብ ነው፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ የተሠራው አንድ ሰው ተቀምጦ በሚበላው ልክ ነው። ሁለተኛው የምግቡ ደኅንነት ነው። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ መቆየት አለበት። በመሀል ባለው ሙቀት አንዳንዱ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ ከተቀመጠ መጣል ነው ያለበት። ተማሪው ግን በምሳ ሰዓት የወጣውን ዶርም ወስዶ ማታ ይበላዋል። እሺ፣ ይህ ገብቶኛል። በምሳ ሰዓት ክፍል ያለውስ? የታመመ ጓደኛ ያለውስ? ክዳን ያለው፣ ታጥቦ የሚመለስ ሳህን የሚያውሱ ዩኒቨርሲቲዎች ሞልተዋል። እንደዚያ ማድረግ እየተቻለ በር ላይ ቦርሳ መበርበር ነውር ነው።

ምግብ መድፋትን በተመለከተ ጽሑፋችሁ የተማሪውን አስተዳደግ ወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ 25 ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በተደረገ ጥናት ግን ትሪ መጠቀም ሲቀር በአንድ ሰው የሚጣለው ምግብ ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀንሷል። ልጆቹ ያው ናቸው፣ አስተዳደጋቸውም አልተቀየረም። ትሪ ካለ ዓይን የፈቀደውን ሁሉ መጫን ነው፤ በሁለት እጅ ብቻ ሲሆን ሰው የሚበላውን ያነሣል።

የምግብ ካርድ ለጓደኛ ማዋስ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም፤ ኩሽናው የሚያበስለው በሰው ቁጥር ነው፣ መጨረሻ የመጣው ባዶ ድስት ያያል። አራት ወንበር ላይ አራት ቦርሳ አስቀምጦ ሰልፍ የሚሄደውም ይታረም፤ ቦርሳ አይበላም።

ስለ ሳህን መመለስ ግን ያየሁትን ልናገር። ብርጭቆ ውስጥ ሶፍት ይጠቀጥቃሉ፣ ሾርባ ይደፉበታል፣ ሹካውን ይሰኩበታል፣ ከዚያ ሌላ ብርጭቆ ይደርቡበታል። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው እጁን ከትቶ አንድ በአንድ ያወጣዋል። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ሶፍት ሥር በተደበቀ የተሰበረ ብርጭቆ እጇን ተቆርጣለች። የሰበረው ልጅ ክፉ አይመስለኝም፤ አፍሮ ነው የደበቀው። «ዕቃ ከሰበራችሁ ንገሩን፣ አናስከፍልም» የሚል አንድ ወረቀት ቢኖር ይናገር ነበር። የነበረው ግን «ዕቃ የሰበረ ይከፍላል» የሚል ነው።

የካፌ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ፣ ያንን ወረቀት የማያነሡት ለምን እንደሆነ እዚሁ ጋዜጣ ላይ መልስ ቢሰጡን ደስ ይለኛል።

ስሜ ይቆየኝ