ሕጉ የት አለ ብለሽኝ ነበር

ውዷ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ እንደምታውቂያት ናት። ዛሬም ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ።

የጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። አፍሬ ነው። በዚያ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱን ሸሽተሽ ልጆችሽን ይዘሽ ከከተማ ስትወጪ ከመንገድ ደወልሽልኝ። "አምስት ዓመት የተማርሽው ሕግ አሁን የት አለ?" አልሽኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። እውነት ለመናገር ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ ስምሽን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣብኛል። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ዓመታት አለፉ። አፉ በይኝ።

አሁን ልመልስልሽ።

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት ሕግ ፖሊስ የለውም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ቅሬያችንስ፣ እድራችን፣ ፖሊስ አለው እንዴ? ሰው ለቀብር የሚወጣው ነገ እሱም ደጅ ድንኳን እንደሚተከል ስለሚያውቅ ነው። ብዙው የአገሮች ስምምነት የሚከበረውም በዚሁ መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳ ኮንቴነር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው አንዱ ቢያጎድል ሌላው ስለሚያጎድልበት ነው። ሰብዓዊ መብት ላይ ግን ይህ ብድር መመላለስ የለም። አንድ መንግሥት የራሱን ዜጋ እስር ቤት ውስጥ ቢገርፍ ጎረቤቱ ምን ይጎድልበታል? ዝም ይላል። ሕጉን እንዲህ ደካማ ያደረገው ይሄ ነው።

ታዲያ ለምን ይፈርማሉ? አንዳንዱ ከልቡ ይፈርማል። አንዳንዱ እርዳታና ብድር ፈልጎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብሎ። የእኛ አገር የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1993፣ የፀረ ስቃይ ስምምነቱን በ1994 ተቀብላለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እኔና አንቺ ግን መብታችን ተነካ ብለን ጄኔቫ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በቀጥታ አቤት የምንልበትን ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። ቤቱን ሰጥቶ ቁልፉን መከልከል በይው።

ማምለጫው ሁሌም እንዲህ ነው። ፊርማውን የሚቀድ የለም። ሪፖርት ይዘገያል፣ መርማሪ ደጅ ይቆማል፣ "እኛው ራሳችን እናጣራለን" ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በጦርነታችን ላይ የባለሙያዎች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አቋቁሞ ነበር። መንግሥት ከመጀመሪያው ተቃወመው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሳይታደስ ቀረ። ይሄ የድሃ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስልሽ። እንግሊዝ እስረኞቿን በጅምላ ከምርጫ መከልከሏ ስህተት ነው ብሎ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረደባት። ትንሽዬ ማስተካከያ ይዛ እስክትቀርብ 2017 ደረሰ።

ከውጭ የሚመጣ ቅጣትስ? እሱን ኮምቦልቻ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ትሠራ የነበረችውን የአክስቴን ልጅ ታስታውሻታለሽ። ጦርነቱ ሥራዋን አስቆመው። ይመለሳል ብላ ስትጠብቅ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። ባጇን እስካሁን በላስቲክ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አኑራዋለች። ፎቶው ላይ አዲስ ሻሽ አስራ ትስቃለች። እሷ ማንን ገረፈች? ማንን ገደለች? ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እና ሕጉ የት አለ? እኔ ያገኘሁት ቻድ ውስጥ ነው።

ሒሴን ሐብሬ የሚባል መሪ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 ገዛ፣ ብዙ ሰው አሰቃየ፣ ገደለ፣ ከዚያ ሴኔጋል ሸሸ። ሱሌይማን ጌንጌንግ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በላይ በእሱ እስር ቤት ማቅቆ ወጣ። ከወጣ በኋላ አብረውት የታሰሩትን እያፈላለገ ቃላቸውን መዘገበ። ዛቻ ሲመጣበት ወረቀቱን ደበቀው። በ2000 እሱና ሌሎች ተጎጂዎች ዳካር ሄደው ከሰሱ። ሴኔጋል የፀረ ስቃይ ስምምነቱን በ1986 አጽድቃለች። ፍርድ ቤቶቿ ግን ሥልጣን የለንም አሉ። ጉዳዩ ዓመታት ተጎተተ። ተጎጂዎቹ ወደ ቤልጂየም ዞሩ፤ ቤልጂየም ሴኔጋልን ሄግ ከሰሰቻት። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2012 ወይ ክሰሺው ወይ አሳልፈሽ ስጪው አላት። በዚያው ዓመት ሴኔጋል አዲስ ፕሬዚዳንት መርጣ ነበር፤ ያም ረዳ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግንቦት ላይ ሐብሬ ዳካር ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

አስራ ስድስት ዓመት! ፖሊስ ሴኔጋልን አላስገደዳትም። የራሷን ፊርማ ይዘው አንለቅም ያሉ ሰዎች ናቸው ያስገደዷት። ያኔ ስልክ ላይ ልልሽ ይገባኝ የነበረው ይሄንን ነው።

አሁን የምነግርሽ አለኝ። እናትሽ ቤት በታች ያሉት እማማ የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው የሰፈራችንን ሰዎች ሲጽፉ ኖረዋል። ማን እንደጠፋ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንዳየው፣ ሬሳውን ማን እንዳጠበው። በእርሳስ ነው የጻፉት፤ አንዳንዱ ገጽ ደብዝዟል። ከጁምዓ በኋላ እየሄድኩ በእስክሪብቶ እገለብጥላቸዋለሁ። እሳቸው ያነቡልኛል። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ።

የአንቺ ገጽ ባዶ ነው። "እሷ ትምጣና ራሷ ትናገር" ብለው ትተውታል። የወጣሽበትን ቀንና ሰዓት፣ መንገድ ላይ ያየሽውን፣ ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽበትን ቦታ ጻፊልኝ። ካቃተሽ ደውዪ፣ አንቺ እያወራሽ እኔ እጽፈዋለሁ። አሁን አነሳዋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።