ለቅዳሜው ውይይት ምን አንብባችሁ ትመጣላችሁ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቅዳሜ ስለ 1923ቱ ሕገ መንግሥት እናወራለን ብለን አልነበር፣ እና እባካችሁ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትንና የጃንሆይን የሕይወት ታሪክ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። አንዱ ረቂቁን ያዘጋጁ ናቸው ሌላው ያወጁት ንጉሥ፣ ስለዚህ አንድ አይነት ወሬ አትጠብቁ።

ስታነቡ እውነት ነው ውሸት ነው ብላችሁ ብቻ አትከራከሩ፣ መቼ ተጻፈ፣ ለማን ተጻፈ በሉ። ጃንሆይ የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጁት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት እያሉ ነው፣ ጣልያን አገሩን ይዞ ዓለም ፊቱን ባዞረበት ሰዓት፣ እንደዛ ያለ ሰው ምኑን ያጎላል ምኑን ይዘላል? የታተመው ደሞ በ1965፣ አብዮቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው! የተክለ ሐዋርያትም የወጣው እሳቸው ካረፉ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሌላ፣ ቤታችሁ የአያት ደብተር ወይ ዳዊት ካለ ባዶ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጉልኝ፣ ልደት፣ ሞት፣ ብድር ሁሉ ይጻፍበታል፣ እኔ እንደውም ለሱ አደላለሁ፣ ለአንባቢ ተብሎ አልተጻፈማ። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ። ዋናውን ግን እንዳታመጡ፣ ዝናብ ነው።