የዕቁቡን ገንዘብ ከመንካትሽ በፊት

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ታናሽ ወንድምሽ ባለፈው እሑድ ሲደውል፣ ለአረጋውያን መርጃ ድርጅታችሁ ፖድካስት ልትጀምሪ መሆኑን ነገረን፤ እናትሽ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን የደረሰሽን ዕቁብ ለዕቃና ለስቱዲዮ ኪራይ ልታውዪው እንደሆነ፣ አንድ ባለሀብት «እኔ እከፍላለሁ» ስላለ ገንዘቡ እንደሚመለስልሽ ጨመረልን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ በቃል የተሰጠ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም።

የእናትሽ ሐብል የት እንደገባ ታውቂያለሽ፤ ለምን እንደገባ ግን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እሠራበት የነበረው ማኅበር በሬዲዮ የ15 ደቂቃ ሳምንታዊ ፕሮግራም እንዲኖረው አሰብኩ። በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ አንድ ነጋዴ ተነሥቶ የ6 ወሩን የአየር ሰዓት ክፍያ እችላለሁ ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም ጭብጨባውን እንደ ደረሰኝ ቆጥሬ በማግስቱ ውል ፈረምኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ንግዱ ከሰረ። የመጀመሪያውን ወር በሐብሉ ከፈልኩ፤ ከ5ኛው ሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ ቆመ።

የሚቆጨኝ ወርቁ አይደለም። በ5ኛው ሳምንት ልጁ የጠፋበት አንድ ሽማግሌ ታሪኩን እስከ እኩሌታው ተናግሮ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ሳምንት እናሰማለን ብለን ነበር የተሰናበትነው። በቀጠሮው ቀን ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ሬዲዮኑን ከፍቶ ጠበቀ። በማግስቱ ከዘራውን ተደግፎ ቢሮዬ ድረስ መጣና «ያስቀራችሁት ጥፋት ተናግሬ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ገንዘብ አለቀብን ማለት አፍሬ «የቴክኒክ ችግር ነው» አልኩት። እንዳላመነኝ ከፊቱ አየሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም እኛን ያስቀየመ እየመሰለው ኖረ።

እንግዲህ ስሚኝ። የፖድካስቱ የ12 ክፍል ወጪ፣ ከድምፅ አርታዒው ክፍያ እስከ ታክሲው ድረስ፣ በወረቀት ይስፈር። የሁሉም ገንዘብ ካልተገኘ 6 ክፍል ይሁንና «ይህ ምዕራፍ 6 ክፍል ነው» ብለሽ ከመጀመሪያው ተናገሪ። 3ቱን ቀድመሽ ሳትጨርሺ አንዱንም አትልቀቂ። ባለሀብቱ ከልቡ ከሆነ ቃሉን በደብዳቤ ያስፍር፣ ግማሹንም ቀድሞ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ያስገባ። በቴሌብር የሚመጣውም መዋጮ ቢሆን በድርጅቱ ስም እንጂ በአንቺ ስልክ ቁጥር እንዳይገባ፤ አንቺ ንጹሕ ብትሆኚም ሰው አፉን አይዘጋም።

የሒሳብ ሹማችሁንም ወጪው በየትኛው በጀት እንደሚመዘገብ አስቀድመሽ ጠይቂ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ያልታሰበበት የስቱዲዮ ኪራይ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሥራ አስኪያጇን ከኦዲተር ጋር እንዳያጋጫት።

ስቱዲዮውንስ ለምን አስፈለገሽ? ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ቢሰቀል ማስተጋባቱን ይቀንሰዋል፤ እኛም የሠራነው እንዲሁ ነበር። የሰው ንግግር በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር፣ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ቢቀመጥ በደንብ ይሰማል፤ የግማሽ ሰዓቱ ክፍል 14 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፣ በ128 ካደረግሽው እጥፍ ነው፤ የዳታውን ሒሳብ ደግሞ የሚከፍለው አድማጩ ነው። ቴሌግራም ላይም ጫኚው። ፖድካስቱን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልሽ አገልግሎት ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ስለሆነ ሲያትል ያለው አጎትሽ በካርዱ ይከፍልልኛል ብለሻል አሉ። አጎትሽን ታውቂዋለሽ። የዓመቱን አንድ ጊዜ ይክፈል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ክፍሎቹን ከመስመር የሚያወርዱ አሉና የሁሉንም ቅጂ በድርጅቱ ኮምፒውተር አስቀምጪ።

ልብሽ ለሽማግሌዎቹ ስለ ራራ አልቆጣሽም፤ እንዲያውም ኮርቼብሻለሁ። ዕቁቡ ግን የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ሰዎች በየሳምንቱ የአንቺን መዋጮ ይጠብቃሉ። በቃል የተሰጠ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም ብዬሻለሁ፤ ደግሜም እልሻለሁ።

ሐሙስ በሚነሣው አውቶቡስ ትልቁን ጋቢዬን ከበርበሬው ጋር ልኬልሻለሁ፤ በርበሬው ለእህትሽም ነው። እሑድ ስትደውዪ ስለ ጤናችን ከመጠየቅሽ በፊት የዕቁቡ ገንዘብ ባንክ መሆኑን ንገሪኝ።

አባትሽ